ፈርሂያ እና የእማ ብዙዬ ደረጃ

አልታየች እባላለሁ። መካነ ሰላም ላይ፣ ከአሕመድኑር ኮምፒውተር ቤት ፊት ለፊት፣ ሻይና ዳቦ እሸጣለሁ። ይህን የምናገረው ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። የማወራው ስለ ፈርሂያ ነው። ግን «አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?» የሚል ስለማይጠፋ ቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ያየሁትን እዚያው ምድጃዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ያላየሁትን እሷው ነግራኛለች። በዚህች ከተማ ስለዚያች ልጅ ያልተባለ ነገር የለም። ግማሹ ውሸት ነው። እኔን የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ፈርሂያ የመጣችው በ2006፣ ያ ሁሉ ሰው ከሳውዲ እየተጠረዘ ሲገባ ነው። አብረዋት ከመጡት አንዳንዶቹ ወርቅ አንጠልጥለዋል፣ አንዳንዶቹ ብርድ ልብስ ተሸክመዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የለበሱትን ቀሚስ ብቻ ይዘው ነው የደረሱት። እሷ ያመጣችው አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። እናቷ ስታየው ምን እንዳለች ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «ሰው አረብ አገር ሄዶ ቤት ይሠራል፤ የኔ ልጅ መክደኛ ይዛ መጣች!»

ላፕቶፑን የሰጠቻት የአሠሪዋ ልጅ ናት። ሪያድ እያሉ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሱ ላይ አንድ ጨዋታ ትጫወት ነበር አሉ። ጥይት የለበትም፣ ኳስም የለበትም። ትናንሽ ሰዎች አሉ፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሥራ ይሄዳሉ። ቤታቸውን የምትሠሪላቸው አንቺ ነሽ። ልጅቷ ቀለሙንና ሶፋውን ትወዳለች፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ለቅሶ ነው። ጨዋታው ደረጃ የሚቀበለው ቀጥ ብሎ ከወጣ ብቻ ነው። ቦታው ትንሽ ከጠበበ ወይም ጥግ ላይ ላዙረው ካልሽ እንቢ ይላል፣ ቀይ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን ፈርሂያ ወለሉን እየወለወለች ቀና አለችና «መሀል ላይ ትንሽ መድረክ አድርጊለት፤ ከመድረኩ ላይ ደግሞ ሌላ ደረጃ ወደ ጎን አስነሺ» አለቻት። ልጅቷ ሞከረች፤ ደረጃው ዞረ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው የልጅቷ፣ ደረጃው የፈርሂያ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ «ጎበዝ» የተባለችበት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

እዚህ ከመጣች በኋላ አሕመድኑር ኮምፒውተር የሚማሩትን እንድታስተምርለት ቀጠራት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ትንሽ ቀበጥ ቢጤ ነው እንጂ። ተማሪ በሌለ ሰዓት ላፕቶፗን ከፍታ ቤቷን ትሠራለች። መብራት ሲጠፋ ወደኔ ትመጣና «እቴ አልታየች፣ ሻይ ስጪኝና እስኪመጣ ልቆዝም» ትለኛለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ስትሄድ የሚያባርራት ያለ ነው የሚመስለው። ለትዳር ስንት ሰው ጠይቋት «ቆይ ይህቺን ፎቅ ልጨርስ» ብላ የመለሰችው እኔው ቤት ነው። ወላሂ ስትል ሰምቼ እኔም ወላሂ ማለት ለምጃለሁ።

አንድ ጊዜ ገብቼ አየሁት። አንድ ድንክዬ ሰው ደረጃው ሥር ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፣ በማይገባ ቋንቋ ይሳደባል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ደረጃው ስላልተስተካከለለት መውጣት አቅቶት ነው።»

«ባሌን ቁርጥ!» ብላት በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ አንዱን ግድግዳ አፈረሰች፣ ደረጃውን አስገባች፣ ግድግዳውን መልሳ አቆመችው። ሰውዬው ዝም ብሎ ወጣ። «አየሽ፣ እንዲህ አድርጌ ነው የማታልለው» አለችኝ። «አንድ ሰው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ካገኘ ሌላ ነገር አይጠይቅም።» እጇ ሲፈጥን ለጉድ ነው።

ያኔ ደግሞ ከተማው በአረብ አገር ቤት ተወሮ ነበር። ልጅ እዚያ ሆና ብር ትልካለች፣ ቤተሰብ እዚህ ያሠራል። የልጅቷ ነገር ነው የሚያሳዝነው። የራሷን ቤት ሳታየው ነው የምታሠራው። ግማሽ ግድግዳ በስልክ ፎቶ ይላክላታል፤ ከሱ ላይ ምን ታያለች? ጭቃና እንጨት ነው። እናም አንዷ እናት ፈርሂያን «ለልጄ ቤቷ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አሳዪልኝ» አለቻት። ፈርሂያ በጨዋታው ውስጥ ሠራችውና ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንስታ በኢሞ ላከችላት። ልጅቷ ማድ ቤቱ በዚህ ይሁን፣ በሩ ወደዚያ ይዙር ማለት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ከማሻም ከወግዲም ሰው ይመጣ ጀመር። ሰዉ ሁሉ የሚፈልገው ደግሞ ደረጃውን ነው። በዚያ ሰሞን «የደረጃዋ ልጅ» ሲባል የማያውቅ አልነበረም። እናቷም መክደኛ ማለቱን ተወች።

አሁን ወደ አሚራ ልምጣ። አሚራና ፈርሂያ ጎረቤት ናቸው፤ አብረው አደጉ፣ አብረው ሪያድ ሄዱ። አሚራ ወረቀት ስለነበራት ሳትጠረዝ ቀረች። እናቷ እማ ብዙዬ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከመስጊዱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት ብቻቸውን ነበሩ። ቤቲቱ እርጥበት ያለባት፣ ጸሐይ የማታውቅ ነበረች። ፈርሂያ እንደ እናቷ ስለምታያቸው «እማ» እያለች አንቺ ነው የምትላቸው። እሳቸውም ከአሚራ ለይተዋት አያውቁም፤ ቂጣ ሲጋግሩ የሷ ድርሻ ተለይቶ ይቀመጣል።

የአሚራ ሕልም አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷን ጸሐይ ላይ ማውጣት። ምድሩን ሁለት ሱቅ አድርጋ ልታከራይ፣ ላዩን ለእናቷ ልታደርግ አሰበች። መስኮት ከፍተው መንገዱን እያዩ፣ የሚመጣ የሚሄደውን ሰላም እያሉ እንዲኖሩ ነው የፈለገችው። ደረጃው ደግሞ በውጭ እንዳይሆን፤ ክረምት ላይ ዝናብ ሳይነካቸው እንዲወጡ እንዲወርዱ፣ እንደ ማዳሟ ቤት ከውስጥ ይሁን አለች። ቦታው ግን ምን ቦታ ነው! እንደ መቀነት ቀጭን ነው። ሁለቱ ሱቆች ከወጡለት በኋላ ለደረጃ የቀረው አንዲት ጥግ ነበረች።

ፈርሂያ እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ እኮ ዓይኗ ይበራል። ስንት ቀን ምሳዋን እየረሳች ተቀመጠችበት። ጨዋታው እንቢ ሲላት ትሰድበዋለች፣ መልሳ ታባብለዋለች። በመጨረሻ ሠራችው። ደረጃው ከበሩ ጀርባ ይነሳል፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ይዞራል፣ ጥቂት ይወጣና እንደገና ይዞራል። ከሥሩ እህል የሚቀመጥባት ጓዳ ወጣች። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሴት ሠራች፤ ሻሽ አሰረችላት፣ ረጅም ቀሚስ አለበሰቻት፣ ስሟን ብዙዬ አለቻት። ትንሿ ብዙዬ ወጣች፣ ወረደች፣ ምንም አላጉረመረመችም። ሥዕሉ ሪያድ ሲደርስ አሚራ አለቀሰች አሉ። «እማ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ሆና ሰው ልታይ ነው» አለች።

ቤቱን የሠራው ይሄነው ነው፤ ከኩታበር መጥቶ እዚህ የቀረ ግንበኛ። መጀመሪያ ሥዕሉን አይቶ ሳቀ፤ ሠርቶ ሲጨርስ ግን ሰው እየጠራ ያሳይበት ጀመር። ደረጃው ላይ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል። «በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ የሲሚንቶ ደረጃ ያፈሰሰ ካለ ይምጣና ይንገረኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እማ ብዙዬ የገቡ ዕለት ዱዓ ተደረገ፣ ንፍሮ ተበላ። እሳቸው ፈርሂያን አገላብጠው ሳሟት፣ መረቋት፤ «እጅሽ ይባረክ፣ አላህ ያሰብሽውን ይሙላልሽ» አሏት። ፈርሂያ ያን ዕለት መሬት የረገጠች አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ከኔ ዳቦ ትገዛና ወደሳቸው ትሄዳለች። እሳቸው መስኮቱ ላይ ሆነው ከሩቅ ያዩዋታል፤ ከላይ ሆነው «መጣሽ ወይ የኔ መሐንዲስ!» ሲሉ እኔ ድረስ ይሰማል። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሌላውም ተጋመሰ። አሚራም እዚያ ሆና ደስ አላት፤ እናትም መስኮታቸውን ለመዱት።

በ2009 ክረምት ላይ እማ ብዙዬ ሱብሒ ሰግደው ጋደም እንዳሉ በዚያው አሸለቡ። አልታመሙም፣ አልተናገሩም። ሱቁን የተከራየችው ሴት ቁርስ ይዛላቸው ስትወጣ ነው ያገኘቻቸው። ቅሬው ተጠራ። የኛ ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው፤ ለቅሶ ላይ ማን ምን እንደሆነ አንጠያየቅም። ሴቶቹ ወጥተው አጠቧቸው፣ ከፈኗቸው። እኛ ግቢው ውስጥና መንገዱ ላይ ሞልተን፣ ዝናቡ እያካፋብን ቆምን። የቅሬው ዳኛ አያ አበጋዝ ቃሬዛውን አስመጡ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ገቡ፤ መጀመሪያው መዞሪያ ላይ ቆሙ። በሩ ክፍት ስለሆነ ይታየናል። ወደ ግራ አሉት፣ ወደ ቀኝ አሉት። «ቀና አድርገው!» ይላል አንዱ። «ከላይ ነው የያዘው፣ ዝቅ አድርገው!» ይላል ሌላው። ቀና ቢያደርጉት ጣራውን ይገጫል፣ ዝቅ ቢያደርጉት ግድግዳው ላይ ይሰነቀራል። ባዶውን ቃሬዛ ነው እንግዲህ፤ ሰው የለበትም። በስንት መከራ መልሰው አወጡት። አንዱ «በመስኮት እናውርዳቸው» አለ። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው። ብረት ባይኖረውም አይሆንም ነበር፤ አያ አበጋዝ በቁጣ «ጀናዛ በመስኮት አይወርድም!» አሉት። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ለቃሬዛው ትከሻውን ያዘጋጀ ወንድ፣ ቆሞ ደረጃውን ያያል።

ፈርሂያ አጠገቤ ነበረች። እጄን ይዛኛለች።

በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ አህመዲን ወጣና በክንዱ ታቀፋቸው። ይሄነው ቤቱን ያውቀዋል ተብሎ ከታች እግራቸውን ያዘ። እንደዚያ ወረዱ። መዞሪያው ላይ ደግሞ ለሁለት ሰው የሚበቃ መርገጫ የለም፤ በአንድ በኩል እንደ ሹል ሆኖ ይቀጥናል። ይሄነው እግራቸውን ለቆ ቀድሞ ወረደ፤ አህመዲን ሚዛኑን እንዳይስት ግድግዳውን ተደገፈ፤ እማ ብዙዬን ወደ ላይ ቀና አደረጋቸው፣ እንደቆመ ሰው። እንደቆሙ ነው የወረዱት። እግራቸው ግድግዳውን እየታከከ ወረደ። ሲወጡ ያ ነጭ ከፈን ከጉልበት በታች በግድግዳው ቀለም አረንጓዴ ሆኗል። ሴቶቹ አለቀሱ። አያ አበጋዝ ጋቢያቸውን አውልቀው ከላይ አለበሷቸው። ከግቢው በኋላ ቃሬዛው ትከሻ ላይ ወጣ፣ በወጉ ሄዱ። ግን ያየነውን አይተናል።

ማንም ፈርሂያን አንቺ ነሽ አላላትም፤ ቢሏት ይሻል ነበር። ሰዉ ሁሉ እያየ አላየሁም ይላል፤ ያ ነው የሚገለው። ይሄነው ደግሞ በነጋታው ሻይ ሊጠጣ መጥቶ «እኔ እንግዲህ የታዘዝኩትን ነው» ብሎ ሲጀምር «አንተ! ደረጃው ላይ ፎቶ የተነሳኸው ማን አዞህ ነው?» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ይሂድ!

በሦስተኛው ቀን አሚራ ደወለች። ማዳሟ ስላልለቀቀቻት መምጣት አልቻለችም። ሌት ተቀን ስታለቅስ ሰንብታ ስለነበር ድምጿ ተዘግቷል። ፈርሂያን «እንዴት ወጣች? እማ ከቤት እንዴት ወጣች? ንገሪኝ» አለቻት። ደጋግማ ነው የጠየቀቻት። ልጅቷ በሰው አገር፣ በሰው ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ነው የምታለቅሰው፤ ፈርሂያ ምን ትበላት? «እንደ ሰው ሁሉ፣ በሰፈሩ ወንዶች ትከሻ» አለቻት። «በሰላም ነው የወረደችው። አንቺ ብቻ ሶብር አድርጊ።» አሚራ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» አለች፣ ከዚያም እንደገና አለቀሰች።

ይህን እኔ በኋላ ነው የሰማሁት። ፈርሂያ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ልጅ አልሆነችም። ላፕቶፑን ዘጋችው። ደረጃ ብሎ የመጣውን ሁሉ ታመናጭቃለች። ዳቦ ስሰጣት ቆርሳ ቆርሳ ትተወዋለች። አንድ ቀን የእማ ብዙዬ ቤት ገብቼ አገኘኋት፤ መዞሪያው ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ትነካለች።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አልኳት።

«እቴ አልታየች» አለችኝ፣ «በዚያ ጨዋታ ውስጥ እኮ ሰው ይሞታል። ይሞታል፤ ግን ማንም አይሸከመውም። ጥቁር የለበሰ ይመጣል፣ ሰውዬው ይጠፋል፣ ድንጋይ ይቀራል። እኔ ስንት ደረጃ ሠራሁ፤ አንድም ቀን ሰው ተሸክሞ የሚወርድ አላየሁም። የተወለድኩት ግን ቅሬ ባለበት አገር ነው። ቃሬዛ ሳላይ ነው ያደግኩት? አባቴን በምን አወጡት? እንዴት አላሰብኩትም?»

«አንቺ ብቻ ነሽ ያላሰብሽው? ያ ሁሉ ሰው ሲያደንቅ አልነበረም?»

«እነሱ እኔን አምነው ነው።» ግድግዳውን እየዳበሰች «ከዚያም ዋሸኋት። እናቷን አዋረድኩ፣ እሷን ዋሸሁ» አለች። አብሽሪ፣ አይዞሽ ብዬ ክንዷን ይዤ አስነሳኋት።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ላይ አንድ ሽማግሌ ከወግዲ መጡ፤ አያ ሞላ ይባላሉ። በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል። ከሚኒባሱ ወርደው ኮምፒውተር ቤቱ እስኪደርሱ ስንት ጊዜ ቆሙ። በእጃቸው ስልክ ይዘዋል። «የደረጃዋን ልጅ ፈልጌ ነው» አሉ። ስልኩ ላይ ያለው የእማ ብዙዬ ደረጃ ሥዕል ነው። ሴት ልጃቸው ሪያድ ከአሚራ ጋር ትተዋወቃለች። አሚራ «የእናቴን ደረጃ ያየ ሁሉ ወዶታል፤ እናቴም እስክትሞት በደስታ ኖራበታለች፣ በሰላምም ወርዳበታለች» ብላ ሥዕሉን ሰጥታታለች። እና አያ ሞላም ቤታቸው ላይ ፎቅ ክፍል ሊሠራላቸው ነው። «ልጄ ይህንኑ ነው የምትፈልገው፤ ሳይጨመር ሳይቀነስ» አሉ።

ፈርሂያ ተነስታ መንገዱን አቋርጣ እኔ ቤት ገባች፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሽማግሌው ደግሞ ቅር ብሏቸው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ተከተሏት።

«ልጄ፣ የተናገርኩት ክፉ ነገር አለ እንዴ?» አሏት።

«የለም አባባ። እርስዎ ምንም አላጠፉም። አረፍ ይበሉ፣ ሻይ ይጠጡ» አለቻቸውና ወደኔ ዞረች። «እቴ አልታየች፣ አሚራ ጋ ልደውል ነው። አጠገቤ ሁኚ። ተነስተሽ ከሄድሽብኝ እንደገና እዋሻለሁ።»

ቀን ነው፣ ደንበኛ ነበረኝ፤ ዳቦው አልቋል ብዬ ሸኘሁት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አሚራ አነሳች። «አሰላሙ ዓለይኩም የኔ እህት! አያ ሞላ ደረሱ?» አለች፤ ድምጿ ደህና ነበር።

«ደርሰዋል። እዚሁ ናቸው። አሚራ፣ አትቁረጪኝ፤ እስክጨርስ ስሚኝ።»

እና ነገረቻት። ምንም አላስቀረችም። ባዶው ቃሬዛ እንዴት እንደተሰነቀረ፣ ሰዉ ዝናብ ላይ እንዴት እንደቆመ፣ አህመዲን እንዴት እንዳቀፋቸው ነገረቻት። «እንደቆመች ነው ያወረድናት፣ አሚራ። እግሯ ግድግዳውን እየታከከ ነው የወረደው። ከፈኗ ላይ ቀለም ነበር። አያ አበጋዝ በጋቢያቸው ሸፈኑት። እኔ ነኝ ያንን ደረጃ የሠራሁት፣ እኔው ነኝ ደግሞ በትከሻ ወረደች ብዬ የዋሸሁሽ። ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን እኚህ ሽማግሌ መጡብኝ። ለሳቸውም ልሥራው? አልሠራም። ስደቢኝ፤ የፈለግሽውን በይኝ።»

አያ ሞላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከስልኩ ውስጥ ለቅሶ ብቻ ነው የሚሰማው። ፈርሂያ ስድቡን ስትጠብቅ ትከሻዋን አጥብባ፣ ልክ እንደሚመታ ሰው ሆና ነበር። እኔም እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሁን ትወርድባታለች ብዬ ነበር።

«ፈርሂያ» አለች አሚራ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አንቺ ምን አድርገሽ?»

«እማ ታውቅ ነበር።»

ፈርሂያ ቀና አለች። «ምኑን?»

«ደረጃውን። የገባች ዕለት ደወለችልኝ። "ልጄ፣ ቤቱ ያምራል፤ ግን ቅሬው እኔን በዚህ ማውረድ አይችልም" አለችኝ። እኔ ደነገጥኩ። ለፈርሂያ ልንገራትና ይፍረስ አልኳት። "ተይ!" አለችኝ። "ልጅቷ ከታች ቆማ ፊት ፊቴን ታያለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ምን ብዬ እናገራለሁ? ትንሽ ሲያመኝ ቀስ ብዬ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ሱቁ ውስጥ ታነጥፉልኛላችሁ። እኔን የሚያስቸግረኝ አንድ ቀን ነው፤ እሷን ግን ዕድሜዋን ሁሉ ይቆጫታል። እንዳትነግሪያት" ብላ አስማለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሳያማት ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም። በሰላም ወረደች ስትይኝ ያ ሁሉ ፍርሃት ለቀቀኝ። ለዚህ ነው ለሰው ሁሉ ያሳየሁት።»

ፈርሂያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «አርብ አርብ ስመጣ ትመርቀኝ ነበር እኮ» አለች። «የኔ መሐንዲስ እያለች በመስኮት ትጠራኝ ነበር። ስሄድ ደግሞ ያን ደረጃ እየወረደች እስከ በሩ ትሸኘኝ ነበር። ጉልበቷን እያመማት! አትውረጂ ስላት እንቢ ትለኛለች።»

«አዎ» አለች አሚራ። «እንዳትጠረጥሪ፣ ደረጃው የተመቻት እንዲመስልሽ ብላ ነው።»

ፈርሂያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ቀን ስታለቅስ አላየኋትም ነበር።

«ምነው የገባች ዕለት በሰደበችኝ!» አለች። «ምነው እማ፣ ምነው በሰደብሽኝ!»